ያልመዘገብኩት ሠላሳ ዲግሪ ተኩል

ውድ ጋሼ፣

ረጅም ደብዳቤ እንደማይወዱ አውቃለሁ። «ከአንድ ገጽ ያለፈ ደብዳቤ ክስ ነው» ይሉ ነበር። ይህኛው ከአንድ ገጽ ያልፋል፤ ክስም ነው። ተከሳሿ ግን እኔ ነኝና፣ መነጽርዎን አድርገው እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ እለምንዎታለሁ።

ከሥራ ከወጡ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን አልደወልኩልዎትም። መጀመሪያ አፍሬ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ደግሞ ዝም ማለቴ ራሱ ሌላ የማፍርበት ነገር ሆነብኝ። አሁን ከምጽፈው አብዛኛውን ያውቁታል፤ እንዲያውም ከእኔ በፊት ያወቁት እርስዎ ነዎት። የማያውቁት ከሄዱ በኋላ የሆነውን ነው። ቢሆንም ከሥር ከመሠረቱ ልጀምር፤ ሲጻፍ ምን እንደሚመስል እኔም ማየት እፈልጋለሁ።

ያንን ግሪንሃውስ ቱቦ በቱቦ የዘረጉት እርስዎ ነዎት። ብረቱ ሲቆም፣ ላስቲኩ ሲወጠር፣ ፓምፑ ሲገባ ነበሩ። ሠራተኛው ሁሉ «አባ ቱቦ» ይልዎ የነበረውም ለዚህ ነው። እኔ ከኮሌጅ ወጥቼ ስምንት ወር ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ድረስ ይዘውኝ ገቡና «የእህቴ ልጅ ናት። ስለ ተክል ተምራለች፤ መጻፍም ትችላለች። እኔን የሚያቅተኝ ደግሞ መጻፉ ነው» አሉት። ሥራ አስኪያጁ ሳቀና የአንድ ዓመት ኮንትራት ሰጠኝ።

በመጀመሪያው ቀን ቤቱን አዞሩኝ። ነጫጮቹን ቦዮች፣ በየቀዳዳው የተሰካውን ሰላጣ፣ ከሥር ከሥር እንደ ክር ቀጥኖ የሚፈሰውን ውሃ አሳዩኝ። «ያለ አፈር ይበቅላል ሲሉኝ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። «ታዲያ ይሄ ተክል ሳይሆን ዓሣ ነው በሉኛ! አልኳቸው።»

እኔም የተማርኩትን ለማሳየት ቸኩዬ ነበርና ሥር ሦስት ነገር እንደሚፈልግ አስረዳሁዎት። ውሃ፣ ምግብ፣ አየር። አፈር ሦስቱንም አቻችሎ ይይዛል፤ አፈር በሌለበት ግን ሦስቱንም የምንሰጠው እኛ ነን።

«ሥር ይተነፍሳል?» አሉኝ።

«ይተነፍሳል።»

«ውሃ ውስጥ ተነክሮ?»

«ውሃው ውስጥ የተቀላቀለ አየር አለ፤ እሱን ይተነፍሳል።»

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ዓሣ ነው ስል ልክ ነበርኩ» አሉ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ እየሳቅን ዋልን።

ወደ ቦዮቹ የሚሄደው ውሃ የሚጠራቀምበት ታንከር ውስጥ እጅዎን የመክተት ልማድ ነበረዎት። እጅጌዎን እስከ ክርንዎ ይሰበስባሉ፣ እጅዎን ከትተው እስከ አሥር ይቆጥራሉ፣ ከዚያ በሱሪዎ ጠረግ ያደርጉና «ዛሬ ደህና ነው» ወይም «ዛሬ ለብ ብሏል» ይላሉ። እኔ እስቅብዎት ነበር።

«ጋሼ፣ ቴርሞሜትር አለን እኮ!»

«ቴርሞሜትሩ ቁጥር ይነግርሻል እንጂ አያልበውም።»

ታንከሩ ላይ «እጅ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሆኖም አንድም ቀን ተዉ ብዬዎት አላውቅም።

ኮንትራቴ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው፣ ሥራ አስኪያጁ ቤቱ ውስጥ ሁለት ተጨማሪ ረድፍ እንዲገባ ፈለገ። ቦታ አልነበረም። ታንከሩ ከቤቱ ወጥቶ በምዕራቡ ግድግዳ በኩል ቢቆም ሁለቱ ረድፎች እንደሚገቡ በወረቀት ነድፌ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ወረቀቱ ላይ ስሜን በትልቁ ጽፌበት ነበር።

እርስዎ ተጠርተው መጡ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ግድግዳ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይመታዋል» አሉ።

«ችግር የለውም ጋሼ። የቤቱን አየር ማራገቢያው ያቀዘቅዘዋል፤ ከሃያ አራት ዲግሪ አያልፍም። ተክሉ ያለው ቤት ውስጥ ነው።»

«የሚጠጣው ውሃስ?»

ሥራ አስኪያጁ አጠገባችን ቆሟል። አጎቴ በሰው ፊት ሲያርመኝ ፊቴ ጋለ። «ጋሼ፣ ይሄ በጥናት የተረጋገጠ ነገር ነው» አልኩዎት። ምንም ጥናት አልነበረም። ያን ቃል የተናገርኩት እርስዎ መልስ እንደማይሰጡበት ስለማውቅ ነው። ወረቀቱን አጥፈው ኪስዎ ከተቱና በሁለት ቀን ውስጥ ታንከሩን አወጡት። ጥቁሩ ቱቦ ግድግዳውን ታክኮ ሃያ ሜትር ያህል ፀሐይ ላይ ይሄድ ነበር።

ሙቀቱ የመጣው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ሰላጣው ቀትር ላይ ይጠወልጋል፤ ወደ ማታ ይነሣል። ውሃ ሞልቶለት ለምን ይጠወልጋል ብለው ሦስቴ ጠየቁኝ። እኔ በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የታንከሩን ውሃ እለካና እመዘግባለሁ። ሃያ አንድ፤ ሃያ አንድ ተኩል፤ ሃያ አንድ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ውሃው ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ አድሮ በጣም የሚበርድበት ሰዓት እንደሆነ አልጠፋኝም። ሰንጠረዡን እንደዚያ አድርጎ ያዘጋጀው ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቢሮው መስኮት ጠሩኝ። «እስቲ ያን ቴርሞሜትርሽን ይዘሽ ነይ።»

ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቴርሞሜትሩን ውሃው ውስጥ ይዤ ጠበቅሁ። ሳወጣው ከእጄ ተቀብለው፣ መነጽርዎን ከግንባርዎ አውርደው አነበቡት።

«ሠላሳ ተኩል» አሉ።

«ፀሐይዋ ዛሬ በርትታ ነው።»

«አትጽፊውም?»

«ነገ ደግመን እንለካና እጽፈዋለሁ።»

በማግስቱ ከሰዓት ቢሮ ውስጥ ሥራ ፈጠርኩ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። እርስዎም ደግመው አልጠሩኝም።

ለምን እንዳልጻፍኩት ልንገርዎት፤ ማመካኛ አድርገው እንዳያዩት። ሠላሳ ተኩልን ከጻፍኩ የሚቀጥለው ጥያቄ ታንከሩን ማን አስወጣው የሚል ነው። ኮንትራቴ ሊታደስ ሰባት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሳላውቅ ነው ማለት ቢቻል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ተምሬዋለሁ። ውሃ በሞቀ ቁጥር ውስጡ ሊይዘው የሚችለው አየር ይቀንሳል። ሥሩ ደግሞ በሞቀው ቁጥር ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ የሚፈልገው አየር ይጨምራል። ስለዚህ ሥሩ አብዝቶ በሚፈልግበት ሰዓት የሚያገኘው ያነሰ ነው፤ ይታፈናል። ይህን ሁለተኛ ዓመት ላይ ፈተና ተጠይቄ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በዘጠኝ ቀን ያለቀ ነው። መጀመሪያ ያየችው ማሸጊያ ክፍል የምትሠራው ረጅሟ ናት። አንድ ሰላጣ ነቅላ ስትገለብጠው ሥሩ ቡናማ ሆኖ ይንጠባጠባል። በጣቷ ሳብ ስታደርገው ላዩ እንደ እርጥብ ካልሲ ወለቀና ውስጡ ያለው ክር ብቻ ቀረ። ጮኸች። ሁላችንም ሮጥን። በየቦዩ እየዞርን ብንነቅል ሁሉም ያው ነው። ሽታውን አሁንም አልረሳሁትም፤ ብዙ ቀን ውሃ ውስጥ የተረሳ የአበባ ግንድ ይሸታል። አራት ሺህ እግር ሰላጣ በሦስት ቀን አውጥተን ጣልን። እርስዎ ቦዮቹን አንድ በአንድ እየፈቱ ሲያጥቡ እኔ የተጣለውን እቆጥር ነበር።

ከምርምር ማእከል አንድ ባለሙያ መጥቶ ውሃውን ወሰደ። ውጤቱ ሥር የሚያበሰብስ ተሕዋስ ተገኘ የሚል ነው። ከየት ገባ የሚለውን የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቋመ። ያን ስብሰባ ለእርስዎ መተረክ አያስፈልግም፤ እኔ ግን ልጽፈው ይገባል።

ባለሙያው ጨዋ ሰው ነበር። «ይሄ ተሕዋስ አቧራ ላይም፣ ጫማ ላይም፣ ችግኝ ላይም አለ» አለ። «የትም ይገኛል። ጤነኛ ሥር ላይ ብዙ ጉልበት የለውም። ውሃው ሞቆ ሥሩ ከተዳከመ ግን ጊዜ አይሰጥም። ውሃው ሞቆ ነበር?»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረ። እርስዎ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ ኮፍያዎን ጉልበትዎ ላይ አድርገዋል።

«በመዝገቡ መሠረት የውሃው ሙቀት ሃያ አንድ ዲግሪ ነበር» አልኩ።

 እርስዎ ቀና ብለው አዩኝ። አፍዎን የሚከፍቱ መስሎኝ እጄን ከጠረጴዛው ሥር ጨብጬ ጠበቅሁ። አልከፈቱም። ከዚያ ረጅሟ ተጠየቀች፤ እያፈረች እጅዎን ታንከሩ ውስጥ ሲከቱ ማየቷን ተናገረች። ያየችውን ነው የተናገረችው፤ አልፈርድባትም።

«እጅዎን ይከቱ ነበር?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እከት ነበር።»

«ክልክል እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፎ እያለ?»

«ተለጥፎ እያለ።»

«ሌላ የሚሉት ነገር አለ?»

«የለኝም።»

ስብሰባው አርባ ደቂቃ ፈጀ። የስንብት ደብዳቤዎን በሦስተኛው ቀን ሰጡዎት። ቁልፎቹን ሲያስረክቡ ኮሪደሩ ላይ ተገናኘን። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። «ሰባተኛዋ ቫልቭ ትጠብቃለች» አሉኝ። «በግድ እንዳትሰብሪያት። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ መልሻት፣ ከዚያ ትከፈትልሻለች።» ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ድምፅዎን አልሰማሁም።

በዚያው ሳምንት እናቴ ቤትዎ መጣች። ወሬው ደርሷት ነበር። «የሚሉት እውነት ነው ወይ?» ብላ ስትጠይቅዎ «እውነት ነው» አሏት። ቤት ተመልሳ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ወረወረችና «ልጄን ከሥራ ሊያስወጣብኝ ነበር እኮ! ለእጁ ብሎ!» አለች። እኔ ራት እየበላሁ ነበር። መብላቴን ቀጠልኩ። እናቴ አርባ ዓመት ሙሉ «ወንድም ጋሼ» ስትልዎ ኖራ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምዎን መጥራት ተወች። ልጅዎ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እንኳ አልሄደችም፤ አብሬያት ቀረሁ።

እዚህ ከተማ ሥራ እንዳጡም ሰምቻለሁ። «በሽታ ያስገባው ሰውዬ» የሚለው ስም ቀድሞዎት ይደርስ ነበር። ልጅዎ ወዳለችበት ከተማ የሄዱ ቀን ረጅሟ ነግራኛለች።

ከእርስዎ በኋላ እኔ አደግሁ። በእውነት ነው የምልዎት፤ በደረጃም በደሞዝም። ከሁለት ወር በኋላ «የማሻሻያ ሐሳብ» የሚል ጽሑፍ አቀረብኩ፦ ታንከሩ ወደ ጥላ ይመለስ፣ ቱቦው ነጭ ሽፋን ይልበስ፣ የውሃ ማቀዝቀዣ ይገዛ፣ ልኬቱ በቀን ሦስት ጊዜ ይሁን። ሁሉም ተፈቀደ። ሰላጣው ዳነ። ሥራ አስኪያጁ በሠራተኛው ፊት አጨበጨበልኝ፤ ቋሚ ሆንኩ፤ ቀጥሎ የክፍሉ ኃላፊ አደረገኝ። አንድም ሰው «ታዲያ በፊት ምን ሆኖ ነበር?» ብሎ አልጠየቀኝም።

ኃላፊ ስሆን አንድ ሙከራ አደረግሁ። ባለሙያ ስለሆንኩ ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ሳስበው ውጤቱ ሌላ እንዲሆን ፈልጌ ነው። አራት ገንዳ አዘጋጀሁ። ቅጠሉ በአንድ አየር ውስጥ፣ ውሃው ግን በአሥራ አምስት፣ በሃያ፣ በሃያ አምስትና በሠላሳ ዲግሪ። ከአንድ ዘር የወጡ ችግኞች ናቸው። በየሦስት ቀኑ እያነሣሁ ሥራቸውን በማስመሪያ ለካሁ። የአሥራ አምስቱ ነጭና ወፍራም ነው፤ ግን አጭር ነው፣ እግሩን እየጎተተ ነው የሚያድገው። የሃያው ረዘመ፣ ቅርንጫፍ አወጣ፣ እንደ ጥጥ ነጣ። የሃያ አምስቱ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ቀደመ፤ በሦስተኛው ሳምንት ጫፉ ወይባ መሆን ጀመረ። የሠላሳው እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ደህና ይመስላል። ከዚያ ርዝመቱ ቆመ። ጫፉ ቡናማ ሆነ፣ ደነደነ፣ አዲስ ሥር አላወጣም። ቅጠሉ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ነው፤ ከላይ ለሚያየው ሰው ምንም የለበትም። ቅጠሉ የወደቀው ሥሩ ካለቀ ከስድስት ቀን በኋላ ነው።

በዚያ ገንዳ ውስጥ ማንም እጁን አልከተተም፤ እኔም አልከተትኩም። ቱቦው አዲስ፣ ውሃው የተጣራ ነበር። ያም ሆኖ ሥሩ በሰበሰ።

ሙከራውን ሦስቴ ደገምኩት። ሦስቴም ያው ነው። ወረቀት አድርጌ ጻፍኩት። ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎት ያለ አፈር የሚያመርቱ ሰዎች በሚሰበሰቡበት አዳራሽ እንዳቀርበው አደረገ። ይህ የሆነው ባለፈው ወር ነው። ሰማንያ ያህል ሰው ነበር። ሥዕሎቹን አሳየሁ፤ ቁጥሮቹን አነበብኩ፤ ተጨበጨበ። ጥያቄ አለ ወይ ሲባል ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ አምራች ተነሣ።

«እናንተ ጋ ያን ዓመት ሰብሉ ያለቀው በአንድ የቧንቧ ሠራተኛ ምክንያት ነው ይባል አልነበረም?» አለ። «ሰውዬው እኔ ጋ ሥራ ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። ያንን ሰምቼ ስለነበር መለስኩት። አሁን አንቺ የምትዪን ግን ሌላ ነው። የቱ ነው እውነቱ?»

ጋሼ፣ ደፋር ሆኜ አይደለም። እሱ ጋ መሄድዎን አላውቅም ነበር። ሥራ መጠየቅዎን በወሬ እንጂ በዓይነ ሕሊናዬ አይቼው አላውቅም። ያ ሰውዬ ባርኔጣውን አድርጎ ቆሞ «መለስኩት» ሲል ግን፣ በሩ ላይ ቆመው እሺ ብለው ሲዞሩ አየሁዎት። የተናገርኩትን ቃል በቃል ልጻፍልዎት፦

«አልነበረም። ታንከሩን ፀሐይ ላይ ያስወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸው እንዳይሆን አስጠንቅቀውኝ ነበር። ውሃው ሠላሳ ዲግሪ ተኩል መድረሱን አብረን ለክተናል፤ እኔ አልመዘገብኩትም፤ በኮሚቴው ፊትም ደብቄዋለሁ። የቧንቧ ሠራተኛው አጎቴ ናቸው።»

 አንዱ ከኋላ «እግዚኦ!» ሲል ተሰማኝ። ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ ተቀመጠ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሥራ አስኪያጁ «ምን ነካሽ? ማን ጠየቀሽ?» አለኝ።

«ሰውየው ጠየቀኝ።»

«ያለቀ የደቀቀ ነገር ነው። እሳቸውም ሄደዋል።»

«የሄዱት ወደው አይደለም።»

«ስምሽ ነው የሚጎዳው!»

«የእሳቸው ስም ከተጎዳ ሁለት ዓመት ሆነው።»

ሬዲዮውን ከፈተ። 

በማግስቱ ቃለ ጉባኤው እንዲታረም በጽሑፍ ጠየቅሁ። ሁለት ጊዜ መለሱት። በሦስተኛው ለባለቤቶቹ በቀጥታ ላክሁ። አሁን ታርሟል። ማኅተም የተደረገበት ደብዳቤ በስምዎ ወጥቶ ከዚህ ጋር ታጥፏል፤ የሰብሉ መጥፋት ምክንያት የውሃው ሙቀት እንደሆነ፣ እርስዎ አስቀድመው ማስጠንቀቅዎን፣ የተሰናበቱትም ያለ ጥፋትዎ መሆኑን ይላል። «እናዝናለን» የምትለዋን ቃል አስጨመርኳት፤ ሊያስገቧት አልፈለጉም ነበር። እኔን ከኃላፊነት አንሥተው ችግኝ ክፍል መድበውኛል፤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያም ደርሶኛል። ተገቢ ነው። ያዘንኩ እንዳይመስልዎት።

ባርኔጣ ያደረገው አምራች ከአዳራሹ ስወጣ ተከትሎኝ መጣ። «ሰውዬው የት ነው ያለው?» አለኝ። አድራሻዎን አልሰጠሁትም፤ እሱን መወሰን የእርስዎ ነው። ስልኩን ግን ተቀብዬ ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌዋለሁ። ቢደውሉለትም ባይደውሉለትም የእርስዎ ፈንታ ነው።

አንድ ነገር እስከ ዛሬ አልገባኝም። በዚያ ስብሰባ ላይ አንድ ቃል ይበቃዎት ነበር። «ሠላሳ ተኩል ነበር፤ አብረን ለክተናል» ቢሉ ኖሮ ባለሙያው ወዲያው ይረዳዎት ነበር። ለምን ሆድ ይፍጀው አሉ? ለእኔ አዝነው ከሆነ አልተገባኝም። ንቀውኝ ከሆነ ደግሞ ልክ ነበሩ። የቱ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ አልደረስኩበትም።

እናቴን የነገርኳት በመጨረሻ ነው። ከአዳራሹ ይልቅ እሷ ትከብደኝ ነበር። ዛሬ እሑድ ነው። ከምሳ በኋላ ልብስ ስትተኩስ ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችው።

«እኔ እኮ ጠይቄዋለሁ» አለች። «በራፉ ላይ ቆሜ ጠይቄዋለሁ። እውነት ነው አለኝ።»

«ዋሽተውሽ ነው እማ።»

«ለምን?»

«አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለች። ምን እንደሆነ ብጠይቃት አልነገረችኝም። «ለሱ ነው የምነግረው። አንቺን አሁን አላናግርሽም። ወረፋሽን ጠብቂ» ብላ መኝታ ቤት ገባች። ትንሽ ቆይታ የጉዞ ቦርሳዋን ይዛ ወጣችና መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ቁጭ በይና ጻፊ» አለችኝ። «አንድም ሳታስቀሪ። እኔ እሱ ፊት ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል።»

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ምግብ ጠረጴዛው ላይ ሆኜ ነው። እሷ ጓዳና ሳሎን እያለች በየአሥር ደቂቃው «ጨረስሽ?» ትለኛለች። የታረመውን ደብዳቤ ሁለቴ አንብባ ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰችው። ነገ ይህን ሁሉ ይዛልዎት በመጀመሪያው አውቶቡስ ትነሣለች። አስቀድመሽ ደውዪላቸው ብላት «ከደወልኩ ከቤት ይወጣል፤ ወንድሜን አውቀዋለሁ» አለች።

እኔ እስኪጠሩኝ ድረስ አልመጣም። ባይጠሩኝም አልቀየምም። እሷን ግን አደራ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተቆጣችዎት እኔ በነገርኳት ሳይሆን እኔ ባልነገርኳት ነው፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። በር ላይ ስትደርስ ይቅርታ ልትጠይቅ እንደመጣች አትናገርም። ለጉልበቷ ሐኪም ፍለጋ ብቅ ያለች አስመስላ ትገባለች፤ ከአሁኑ እያነከሰች ስትለማመድ ሰምቻታለሁ። ጋሼ፣ ጉልበቷ ደህና ነው።

የእህትዎ ልጅ